ንፋስ የማይሞላ ጎማ

ጎሚስታ ነኝ። ገዋኔ ላይ፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ክሪክና ኮምፕሬሰር ይዤ ከተቀመጥኩ ብዙ ክረምት አልፏል። ክረምት የምለው ለወጉ ነው እንጂ እኛ አገር ክረምት መግባቱን የምናውቀው ደገኞቹ ጋ ዘንቦ አዋሽ ሲደፈርስ ነው። ከዚያ በፊት ሾፌር ነበርኩ። በኤንትሬ ጀምሬ በተሳቢ ጨረስኩ፤ ሰው ሳልገጭ፣ መኪና ሳልገለብጥ መሪውን ለባለቤቱ አስረከብኩ። ይህን የማወራው ልኮፈስ ብዬ አይደለም። ስለ ጎማ ስናገር እንድታምኑኝ ነው።

ጎማ ማለት በእኔ ሃይማኖት ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ንፋስ አለው፤ ደግሞም የሆነ ቦታ ይደርሳል። ንፋስ ሲጎድለው እኔ ጋ ይመጣል፤ ሞልቶ ሲሄድ ወይ ጅቡቲ፣ ወይ አዲስ አበባ፣ ቢያንስ ቢያንስ ሰመራ ይገባል። የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ እንደሚያልፍ የተማሩት ሁሉ ይናገራሉ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ በእኔ ንፋስ እንዳለፈ ግን የመዘገበልኝ የለም።

እኔና ጎማ እንዲህ ተከባብረን ስንኖር አንድ ቀን ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አባባ፣ ልጁ ስኬት ጀምሯል» አለችኝ።

አቤት ደስታዬ! ስኬት ጀመረ! በአሥራ ሰባት ዓመቱ! እኔ በሰባ ዓመቴ ያልጀመርኩትን! ለሻይ ቤቷ ተናገርኩ፣ ለነዳጅ ቀጂው ተናገርኩ፣ ለማላውቃቸው ሁለት ሾፌሮች ሻይ ጋበዝኩ። «የልጅ ልጄ ስኬት ጀምሯል፤ ታናሽ እህቱም እየተከተለችው ነው።» ሰውም «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። ለዕረፍት እንደሚመጡ ስሰማ ስኬታማውን ልጅ ለመቀበል ሸሚዝ ለወጥኩ።

ከአውቶቡሱ ሲወርድ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ክርኑ ተልጧል፣ ብብቱ ሥር አራት ጎማ ያለው ጣውላ ይዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስኬት ነዋ፣ አባባ።»

ለዚያ ሁሉ ሻይ የከፈልኩት ለዚህ ነው። ቃሉን ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ግን አማርኛ ውስጥ ቀድሞ የሰፈረ ሰው መኖሩን አይቶ ሌላ ስም ቢፈልግ ምን ነበረበት?

ጓዙን ሲፈታው ጉዱ ተከተለ። እናታቸው «ናፍቀውናል ብለው ነው የሚመጡት» ብላኝ ነበር። ውሸቷን ነው። የናፈቃቸው አስፋልቱ ነው። አንድ ጣውላ፣ አንድ ጥንድ ባለጎማ ጫማ፣ የጉልበትና የክርን መሸፈኛ፣ ስልክ ማቆሚያ ባለሦስት እግር፣ ስልኩ ላይ የሚለጠፍ ብርጭቆ። ለአያት የሚሆን ግማሽ ኪሎ ቡና የለም።

ገና ማታውኑ ልጁ «አባባ፣ ትራኩ ላልቷል፤ ቁልፍ ይኖርዎታል?» አለኝ።

ትራክ ሲባል ደም ሥሬ ይነሳል። ቁልፉን ይዤ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ግራ ባይ የለም፣ ቀኝ ባይ የለም። «የታለ ትራኩ? ምኑ ነው የላላው?» ልጁ ከኋላዬ መጣና ጣውላውን ገልብጦ አሳየኝ። ጎማዎቹን የያዘችውን፣ ከመዳፍ የማትበልጠውን ብረት ነው ለካ ትራክ የሚሏት። አንድ ጣውላ ሁለት ትራክ አለው። እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንድ የራሴ ትራክ ሳይኖረኝ ጡረታ ወጣሁ፤ ይህ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሁለት አለው፤ ያውም በብብቱ።

አጠበቅኩለት። ያጠበቅኩትን መልሶ አላላው። «ትንሽ ሲላላ ነው የሚታጠፈው» አለ። የመኪና እግር ሆን ብሎ አላልቶ የሚነዳ ሾፌር እኔ በምነዳበት ዘመን ቢገኝ ማረፊያው የት እንደነበር ነግሬዋለሁ።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ ወደ ጎማው። ጎማዋን በጣቴ ጫን አልኳት፤ አልሰረጎደችም። አንኳኳኋት፤ እንደ አጥንት ትጮሃለች።

«ንፋሱ በየት ነው የሚገባው?»

«ንፋስ የለውም።»

«ሲተነፍስስ?»

«አይተነፍስም።»

«እሾህ ሲወጋው?»

«አይወጋውም። ፖሊዩሪቴን ነው።»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት የሚረዳው ገዋኔን የሚያውቅ ብቻ ነው። በደርግ ዘመን አካባቢ በዚህ ሸለቆ አንድ ዛፍ ገባ፤ ሳይንሱ ፕሮሶፒስ ይለዋል። አፋሮቹ ‹ደርጊ ሐራ› ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ‹ወያኔ› አለው። መንግሥታቱ ሁሉ ለዛፉ ስማቸውን እየጣሉ ሄዱ፤ ነቅሎት የሄደ ግን የለም። የግጦሹን መሬት በላው፣ የከብቱን መንገድ ዘጋው፣ ፍሬውን የበላ ከብት ይታመማል። እሾሁ ደግሞ ምስማር ነው። ጫማ ይበሳል፣ ጎማ ይበሳል። ለአርብቶ አደሩ መርገም ነው። ለእኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደንበኛ ሰብሳቢ ነው። ከመነዳሪ እየለጠፍኩ ሦስት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ እሾህ ነው። አሁን የራሴ የልጅ ልጅ ይህ እሾህ የማይወጋውን ጎማ ይዞ በሬ ላይ ይቆማል። ጎሚስታ ቤት በር ላይ የማይተነፍስ ጎማ ማምጣት ጠንቋይ ቤት ጠበል ይዞ እንደመግባት ነው።

በኩሽኔታው ልንታረቅ ትንሽ ቀርቶን ነበር። ከጎማው መሐል ፈልቅቆ ሲያሳየኝ እውነት ለመናገር ልቤ ራራ። እኛም ልጅ ሳለን ከወደቀ መኪና ኩሽኔታ ለምነን፣ እንጨት ላይ ቸንክረን ቁልቁለት ወርደናል። የእሱ ቁጥሩ 608 ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጪው ከዳር እስከ ዳር 22፣ ወርዱ 7። ዓለም ሁሉ በዚህ ልክ ተስማምቷል አለኝ። ዓለም ተስማማበት ያሉኝ ነገር ይሄ የመጀመሪያው ነው። ደርቆ ሲያንጫርር አይቼ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ስምንቱንም ኩሽኔታ ጥሩ አድርጌ ግራሶ ጠቀጠቅኩለት። ጠዋት ሬሳ እንዳየ ሰው ጮኸብኝ። ለካ ስኬት ግራሶ አይወድም፤ ያዘገየዋል፤ ስስ ዘይት፣ ያውም ጠብታ ነው የሚፈልገው። ግማሽ ቀን ሙሉ በቤንዚን ሲያጥብ ዋለ። ዕድሜ ልኬን ሰው ግራሶ ስጨምር ሲያመሰግነኝ ነው የኖርኩት።

ጣውላው የካናዳ ዛፍ ነው አሉኝ፤ ሜፕል የሚባል፣ ሰባት ስስ ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ። እኛ በዛፍ ታፍነን ልንሞት ነው፣ ልጆቻችን የሚቆሙበት ጣውላ ከካናዳ ይመጣል! እንደልብም አይገኝም፤ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል፣ ወይ ፈረንጅ ይለግሳል። አንዱ ሲሰበር ትራኩና ጎማው ተፈትቶ ወደ ሌላው ይዛወራል። ይሄን ሲነግሩኝ ግን ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ መለዋወጫ የሚያጣ ሾፌርን ሕመም አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሥር እንደሰደደ የሰማሁት በዚህ ሰሞን ነው። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ስኬት ፓርክ ተሠራ፤ ከየአገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከእኛ ልጆች ጋር ሲሚንቶ ሲያለስሉ ሰነበቱ አሉ። ሴቶቹም ከአራት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ታናሺቱ ባለጎማ ጫማ የለመደችው በእነሱ ምክንያት ነው። በ2011 ደግሞ ‹መንገድ ለሰው› ብለው፣ በወር አንድ እሑድ አስፋልቱን ለመኪና ይዘጉት ጀመር። ለመኪና! አስፋልት! ይህን የሰማሁ ቀን ራት አልበላሁም።

ሆኖም የልጁ ልብ ያለው ጣውላው ላይ አይደለም። አንድ ማታ ከደጅ ተቀምጠን፣ ሙቀቱ አላስተኛን ብሎ፣ በስልኩ ፊልም አሳየኝ። ነጭ ተራራ፣ ነጭ ሜዳ፣ አንድ ፈረንጅ እግሩ ላይ ሁለት አጫጭር ሳንቃ አስሮ ይንሸራተታል። «ስኪቦርድ ይባላል» አለኝ። ከስኪ ያጥራል፣ አንድ ሜትር አይሞላም፤ እንደ ትልቁ ስኪ የሚደገፉበት ዱላ የለውም፤ ፊቱም ኋላውም ወደ ላይ ስለተቆለመመ ወደ ኋላም ይነዳል። እኔ ተሳቢ ወደ ኋላ ለመንዳት ረዳቴ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ስንት አጥር አፍርሻለሁ። ይሄ ሰውዬ በረዶ ላይ፣ ያለ ረዳት፣ ያለ መስታወት ወደ ኋላ ይወርዳል።

ታሪኩንም ነገረኝ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ክናይስል የሚባል የኦስትሪያ ፋብሪካ ‹ቢግፉት› የሚባል አጭር ስኪ አወጣ። ጫፉ ላይ ምን እንዳደረጉበት ብትገምቱ አትደርሱበትም፤ የእግር ጣት ቀርጸውበታል። አምስት፣ አምስት ጣት! ሰው እግር እያለው፣ እግሩን ጫማ ውስጥ ከቶ፣ ጫማውን እግር የሚመስል ሳንቃ ላይ ያስራል። ኋላ ሳሎሞን የተባለው ፋብሪካም ‹ስኖውብሌድ› አለና ገባበት፤ አሜሪካኖቹ ኤክስ ጌምስ በሚሉት ውድድር ውስጥም ከ1998 እስከ 2000 ለሦስት ዓመት አስገቡት፤ ከዚያ አወጡት። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ረጅሙ ስኪ ሲመልሱ አጭሩን የሚወዱት ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀሩ። ታዲያ ሲወርዱ ማን ይቅረጻቸው? ራሳቸው። አንዱ ሲወርድ አንዱ ይቀርጻል፤ ከዚያ ካሜራውን ተቀባብለው ቀራጩ ይወርዳል። «ለዚህ ነው የምወዳቸው» አለች ታናሺቱ፣ ነቅታ ትሰማ ኖሮ። «የማንም ጉዳይ አይደሉም፤ ግን አያቆሙም።»

«እና አንተ የት ልትሠራው ነው?» አልኩት።

አገጩን ወደ አየሉ አመለከተኝ።

አየሉን ለማታውቁት፣ ከከተማችን በላይ የተደፋው ትልቁ ተራራ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው። አናቱ ላይ ደመና አይቻለሁ፤ በረዶ አየሁ የሚል ሰው ግን ገዋኔ አልወለደችም። እኛ በረዶ የምናውቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ እሱም መብራት ካለ። ደጋ ያደግነው ደግሞ በረዶ ስንል እህል የሚያወድመውን ነው፤ ሲዘንብ ደወል ይደወላል እንጂ ማንም ጫማ አስሮ አይወጣበትም።

«ሮቤል ተክለማርያም የት ተለማመደ?» አለኝ ልጁ። ይህን ስም አላውቀውም ነበር። አዲስ አበባ የተወለደ፣ አሜሪካ በልጅነቱ ሄዶ ስኪ የተማረ፣ በ1998 ዓ.ም. ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ብቻውን የቀረበ፣ በ2002 ቫንኩቨር ላይም ባንዲራችንን ይዞ የገባ ሰው ነው አለኝ። አዲስ አበባ ሲመጣ ጎማ የተገጠመለት ስኪ እግሩ ላይ አስሮ በአስፋልት ይለማመድ ነበር። ሜዳሊያ አላመጣም። እኛ እንግዲህ ከበቆጂ ልጅ ወርቅ ለምደን ያለ ሜዳሊያ የተመለሰ ሰው ስም አንይዝም፤ ይህን ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ይዣለሁ። ያንን ሁሉ አገር ብቻውን ወክሎ መግባት! እኔ ብቻዬን ሌሊት የአዋሽን መስመር ስነዳ እንኳ ረዳት ነበረኝ።

ስለዚህ እንዲለማመዱ ፈቀድኩ። የፈቀድኩት ግን በሕግ ነው። ዋናው አስፋልት ላይ አንድ ጎማ እንዳይወርድ። የጅቡቲ መስመር ላይ አርባ ቶን ጭኖ የሚመጣ ሾፌር ሌሊቱን አልተኛም፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነበርኩ። ገላጣ ላይ የቀረ አንድ ያላለቀ ሕንጻ አለ፤ ወለሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው፤ እዚያ ይሁን። ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላማ ቀትር ላይ የቆመ መኪና እንኳ አስፋልቱ ላይ ዱካውን ትቶ ነው የሚነሳው።

አሁን ልጆቹ ወደሚሠሩት ፊልም ልምጣ። እኔ እስክጃጅ ድረስ የተነሳሁት ፎቶ ሦስት ነው። በእኛ ጊዜ ፎቶ ቤት ሲኬድ ሰው ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ኮት ይዋሳል፣ ሬዲዮ አጠገብ ይቆማል፣ አይተነፍስም። አንዱ ፎቶዬ ኤንትሬዬን ተደግፌ ነው፤ መኪናውንም አጥቤዋለሁ። ፎቶ ማለት ከሆንከው በላይ መታየት ነበር። እነዚህ ልጆች ሰባት ጊዜ ታጥበው የተቀደደ ሱሪ ይለብሳሉ። ልጁ ይወድቃል፤ ታናሺቱ «አሪፍ! ድገመው!» ትላለች። ይደግመዋል፤ ይወድቃል። እሷ ስልኩን ይዛ መሬት ላይ በሆዷ ትተኛለች። አንዲት ደረጃ ለመዝለል በአንድ ጠዋት ሃያ ሰባት ጊዜ ሲወድቅ ቆጥሬያለሁ። በሃያ ስምንተኛው ዘለላት። እልል ሊባል ነው ብዬ ስነሳ «ስልኩ ሞልቶ አልቀረጸም» አለች።

ያ ስልክ ላይ የሚለጠፈው ብርጭቆ ‹የዓሣ ዓይን› ይባላል። መሐሉን ያሳብጠዋል፣ ዳሩን ያጎብጠዋል፤ ትንሿ ደረጃ ገደል ትመስላለች። የስኬት ሰዎች በዚህ የለመዱት በፈረንጆቹ 1995 በወጣ ሶኒ ካሜራ፣ በካሴት ነው አለችኝ፤ ዛሬም ያንን አሮጌ ካሜራ ፈልገው የሚገዙ አሉ። አሮጌ ነገር የሚፈልግ ወጣት መኖሩን ስሰማ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ግን ዓሣ ዓይኑ አልገባኝም። አዋሽ ውስጥ ስንት አምባዛ አለ፤ እስከ ዛሬ አንዱም ስላየው ነገር ሲመሰክር አልሰማሁም።

ነገሩ የጎረቤቴንም ቀልብ ሳበ። ጎረቤቴ የአፋር ሽማግሌ ነው፤ ፍየልም ወሬም ጠንቅቆ የሚያውቅ። አፋር ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ። ሰው ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የተጣመመ ወሬ የሚያመጣ ሰው ይነቀፋል። በዚህ መንገድ ወሬ በረሃውን አቋርጦ ከመኪናዬ ቀድሞኝ ሰመራ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከኤንትሬ የፈጠነ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ታናሺቱ ስልኩን ሰጠችው። ሽማግሌው አንድ ደቂቃውን ፊልም በጥሞና ተመለከተ። ከዚያ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠና ጀመረ።

«ከየት ተነሳህ?»

«ከዚያ ግድግዳ ሥር።»

«ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«የትም።»

«መንገድ ላይ ምን አገኘህ?»

«ደረጃ።»

«ሣር አለ?»

«የለም።»

«ከብት?»

«የለም።»

ሽማግሌው ብዙ አሰበ። ስልኩን መለሰላት። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «መውደቁ እውነት ነው» አለኝ። «ሌላው ወሬ የለውም።» ከዚህ የተሻለ የፊልም ሐያሲ አዲስ አበባ ላይ ካለ ይምጣና ይከራከረው።

እኔ ግን በዚህ አልበቃኝም፤ ትልቁን መሣሪያ አወጣሁ። ልጆቹን አስቀምጬ እንዲህ አልኳቸው፦ የት እንደቆማችሁ ታውቃላችሁ? ይህ የአዋሽ ሸለቆ ነው። የሰው ዘር ቀጥ ብሎ መቆም ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። አርዲ የተገኘችው እዚሁ መካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ ነው፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል፤ ያኔም ለመቆም ትታገል ነበር። ከእኛ በታች ሐዳር ላይ ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ሄርቶ ላይ የተገኘው ደግሞ እንደ እኛው ያለ ሰው ነው፤ 160 ሺህ ዓመት ግድም። በ1995 ለዓለም ሲነገር ስሙን ‹ኢዳልቱ› አሉት፤ በአፋርኛ ሽማግሌ፣ ታላቅ ማለት ነው። የሙያ ባልደረባዬ ነው። አራት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ዓመት ሙሉ አገሩ ለመቆም ሲደክም ኖሮ፣ እናንተ እዚያው ቦታ ላይ፣ ጎማ ገዝታችሁ፣ ለመውደቅ ትደክማላችሁ!

ንግግሬን ወደድኩት። ጎረቤቴም ራሱን ነቀነቀ። ታናሺቱ ግን ቀና ሳትል፣ ስልኳን እየነካካች «አባባ፣ ሉሲም ወድቃ ነው አሉ እኮ» አለች።

«ማን አለ?»

«ተመራማሪዎች። አጥንቷን መርምረው ከትልቅ ዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው ብለው ጻፉ። 2008 ላይ። የማይስማሙም አሉ።»

በ2008። ፓርኩ በተሠራበት በዚያው ዓመት። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

«የቀረጻት አለመኖሩ ነው የሚያሳዝነው» አለች ጨምራ።

የቀረኝ አንድ ጥይት ነበር። «እሺ ውደቁ። ግን ጎማ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት! ከግድግዳ እስከ ደረጃ፣ ከደረጃ እስከ ግድግዳ፤ የት ልትደርሱ ነው?»

ልጁ ሹራቡን አውልቆ ላቡን እየጠረገ ወንዙ ወዳለበት አየና «አዋሽስ የት ደረሰ?» አለኝ።

ይህ ከአያቱ ጋር የሚነጋገር ልጅ ነው። አዋሽ ግንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስንት እርሻ ያጠጣል፣ ስንት ድልድይ ሥር ያልፋል፣ እኛን አልፎ ወደ አሳይታ ይወርዳል፤ ከዚያ ባሕሩ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ባሕር አይገባም። የዕድሜ ልክ ጎረቤቴ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ምስክርነት ይሰጥብኛል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ተነስቼ ኮምፕሬሰሩን ከፈትኩ። የሚሞላ ጎማ አልነበረም። ድምፁን ፈልጌ ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ታናሺቱ «አባባም ፊልሙ ውስጥ ይግቡ» አለች። እምቢ አልኩ። ሁለተኛ እስክትለምነኝ ጠበቅኩ፤ አልለመነችኝም፤ ስለዚህ እሺ አልኩ። በነጋታው ኮቴን ለበስኩ። ከረባት አሰርኩ። በገዋኔ ፀሐይ ከረባት! ላቡ ከአንገቴ እስከ ካልሲዬ ወረደ፤ ካልሲ ባይኖረኝም። በሩ ላይ፣ በጎማ ክምሩ ፊት፣ እንደ ጥንቱ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ልጁ በስኬቱ አጠገቤ ሽው ሲል እሷ እንደ ልማዷ በሆዷ ተኝታ ቀረጸች። እሱ ግን ፍጥነት አበዛ፤ ወደ አስፋልቱ ሊወጣ ሲል ተሳቢ ሲመጣ አየሁና በሕይወቴ ያልጮህኩትን ጮህኩ፦ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ! አንተ ልጅ፣ ፍሬን!» ዘሎ ወረደ፤ ጣውላው ብቻውን ቦይ ገባ። ስኬት ፍሬን እንደሌለው ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አትጠይቁኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን ከልጁ ጋር አልተነጋገርንም።

ፊልሙ ተጠናቆ ሲታይ አራት ደቂቃ ነው። የሦስት ሳምንት ውድቀት በአራት ደቂቃ። ኮቴ የለም። ከረባቴ የለም። ያ የዓሣ ዓይን ከመሬት ስለሚያይ፣ የታየው እግሬ ብቻ ነው፤ በራሴ እጅ ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩት በረባሶ፣ ስክሪኑን ሞልቶ፣ እንደዚያ ኦስትሪያዊ ስኪ አምስት ጣቱን አውጥቶ። ድምፄን ግን ወስደውታል። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» የሚለውን ቆርጠው፣ ደጋግመው፣ ከበሮ ሥር አስገብተው ዘፈን አድርገውታል። ልጁ በወደቀ ቁጥር እኔ እጮሃለሁ።

ልጆቹ ሄዱ። ሳይነግሩኝ ሁለት የተበላ ጎማና አንድ ኩሽኔታ መደርደሪያዬ ላይ ትተውልኛል። ኩሽኔታውን በስስ ዘይት አጥቤዋለሁ፤ ሥራ ሲፈታ በጣቴ አዞረዋለሁ። ረጅም ይዞራል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሾፌር ከሰመራ መጥቶ ተሳቢውን በሬ ላይ አቆመ። ክሪኬን ይዤ ብወጣ አልወረደም፤ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና እግሬን አየ።

«ፍሬን ያዝ!» አለኝ እየሳቀ። «እርስዎ ነዎት አይደል? አብረን ፎቶ እንነሳ።»

መኪናው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ምንም አልሆነም አለኝ። እኔ ግን መዶሻዬን አንስቼ አሥራ ስምንቱንም ጎማ እየዞርኩ መታሁ። የኋላ ቀኝ፣ የውስጠኛው፣ ንፋስ ጎድሎታል። ሞላሁለት። አስከፈልኩት። ፎቶውንም ተነሳን፤ ከወገብ በላይ ይሁን ብዬው።